ድፎና ሕምባሻ

እንጀራ ይጋገራል፤ ወጥ ይሠራል፤ ጠላ ይጠመቃል። የበዓል ዳቦ ግን ይደፋል። ድፎ መባሉም ከዚሁ ግሥ ነው። ቋንቋችን ለዚህ ዳቦ የተለየ ግሥ የሰጠው እንዲያው በከንቱ አይመስለኝም። የቀጠነ ወጥ እሳቱ ላይ ቆይቶ ይወፍራል። የመጀመሪያው እንጀራ ቢበላሽ ሁለተኛው ይከተላል። ኩፍ ያለ ሊጥ ከቡሃቃው ተገልብጦ ኮባው ላይ አንዴ ከተደፋ በኋላ ግን የሰው ድርሻ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሳቱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ዳቦ በሚደፋበት ሰዓት የእናቶች ድምፅ ዝቅ የሚለውም ለዚህ መሰለኝ።

እኔ ባደግሁበት ቤት ለፋሲካ የሚቀርበው ዳቦ ሁለት ነበር። ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ስንዴ፣ ሁለቱም የቀዳም ሥዑር ሥራ ናቸው። ነገር ግን አንዱ የአንዱ ምትክ ሆኖ አያውቅም።

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። አባቴ ደግሞ ከአድዋ አካባቢ መጥቶ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ መምህር ነው። ድፎው የእናቴ ነው። ሌላው ዳቦ፣ ሕምባሻው፣ የአክስቴ ነው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ ኑሮዋ መቀሌ ነው። እኛ ልጆቹ በአገሯ ወግ “አደይ” እንላታለን። እናቴ በበኩሏ በራሷ ወግ “እትዬ” እያለች አንቱ ትላታለች። አደይና ባለቤቷ ልጅ ስላልነበራቸው የእነሱ በዓል እኛው ነበርን። ስለዚህ በየዓመቱ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ሁለቱ ተያይዘው፣ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአውቶቡስ፣ ደሴ ወይም ወልድያ እያደሩ ይመጡልናል።

ሕምባሻን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአማርኛ አምባሻ የምንለው ነው። ሆኖም ከሻይ ጋር በሩብ በሩቡ ተቆርሶ የሚቀርበውን ደረቁን ዳቦ እንዳታስቡ። የአደይ ሕምባሻ ስኳር፣ ዘቢብና ሄል የገባበት፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት የማይሞላ ክብ ዳቦ ነው። የሚጋገረው ምጣድ ላይ ነው፤ ይገለበጣል፤ ሁለቱም ፊቱ እሳት ያያል። ትልቁ ነገር መልኩ ነው። ሊጡ ምጣድ ላይ ከመውጣቱ በፊት በቢላ ጫፍ ከመሐል ወደ ዳር እንደ መንኮራኩር ይሰመራል። ከዚያ በየመስመሩ መካከል በሹካ ጥርስ ጥልፍ ይገባበታል። አደይ ይህን ስትሠራ ንድፍ አታይም፤ አታቆምም፤ አትመለስም። ሳህን የሚያህለውን ክብ ጥልፎ ለመጨረስ አንድ ወግ እንኳ አይበቃትም፤ ወጉ ሳያልቅ ጥልፉ ያልቃል።

በቤታችን ማንም ያልደነገገው ሕግ ነበር። እናቴ የሕምባሻውን ሊጥ አትነካም፤ አደይም የድፎውን። ጠብ አልነበረም። እንዲያውም ሁለቱ ከብዙ እኅትማማቾች ይልቅ ይዋደዱ ነበር። ነገሩ የክብር ጉዳይ ነው። አንዷ ወደ ሌላዋ ሊጥ እጇን መስደድ “አንቺ አላወቅሽበትም” እንደማለት ይቆጠር ነበርና ጎን ለጎን ቆመው፣ ዐይን ለዐይን እየተያዩ፣ እጅ ግን ሳይቀላቀሉ ይሠሩ ነበር።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት የምንነቃው በወንፊት ድምፅ ነው። ዱቄቱ ሁለት ጊዜ ይነፋል። እርሾው ከማታው ጀምሮ በለብታ ውሃ ተበጥብጦ ጥግ ይዞ ይጠብቃል። ወንድሜ ኮባ ያጥባል። የቅጠሉን ወፍራም አከርካሪ በቢላ ያነሣና እሳት ላይ ለብለብ ያደርገዋል። ጥሬ ኮባ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል፤ እሳት ያየው ግን እንደ ጨርቅ ይታዘዛል። የእኔ ሥራ ጥቁር አዝሙድ መልቀም፣ ድንብላልና ኮረሪማ መውቀጥ ነበር። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ ይዞ ሲገባ ሁለቱ ሴቶች ራሳቸው ላይ ያስሩና ሊጡን ማሸት ይጀምራሉ። ሁለቱም ያከፍላሉ፤ ማለትም ከስቅለት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። እናም የዓመቱን ትልቁን ዳቦ የሚሠሩት መቅመስ የማይፈቀድላቸው ሰዎች ናቸው። ጨው በዛ፣ ጣፋጩ አነሰ ብሎ በምላስ መፍረድ የለም። ዳኞቹ አፍንጫና ጣት ብቻ ናቸው።

በድሮው ቤታችን ጓሮ ማድ ቤት ነበረን። ድፎው ኮባ በተነጠፈበት ድስት ውስጥ ይደፋል፤ ከላይም በኮባ ይሸፈናል፤ ክዳኑ ላይ ፍም ይቆለላል። እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች። መብሰሉ በስንጥር ይፈተናል። ስንጥሩ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ ዳቦው ይወጣና በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። ጠዋት ኮባው ሲላጥ የቅጠሉ ጅማት በቅርፊቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። ልጅ ሳለሁ ይህን እንደ ጽሕፈት እያየሁ በጣቴ እከተለው ነበር።

አባቴ የታሪክ መምህር መሆኑን በበዓል ቀንም አይረሳም። አንድ ፋሲካ ላይ ገበታው ላይ ያለው ዳቦ ከየት ከየት እንደመጣ ቆጠረልን። ስንዴው የአርሲ ወይም የባሌ ነው። ኮባው እንሰት ከሚበቅልበት ከደቡቡ ነው። ኮረሪማው የከፋ ጫካ ፍሬ ነው። ሄሉና ዘቢቡ ባሕር ተሻግረው ነው የመጡት። “ይህ ዳቦ ከእናንተ የበለጠ አገር አይቷል” አለን።

ከዚያ ወደሚወደው ርዕስ ገባ። አክሱም ውስጥ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ ሳንቲም ማስቀረጽ ጀመረ። በብዙዎቹ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡን ምስል ግራና ቀኝ ያጀቡት ጦርና ጋሻ ሳይሆኑ ሁለት የእህል ዛላዎች ናቸው። “ምን እህል?” አለች እናቴ። አባቴ አጥኚዎቹ ስንዴም ገብስም ይሉታል ብሎ መለሰ። “ገብስ ከሆነማ የእኛ ነው” አለች፤ መንዝ የገብስ አገር ነውና። አደይ ከወዲያ ማዶ፣ ቀና ሳትል፣ “ስንዴ ነው” አለች። የአደይ ባል እስኪያነባ ሳቀ። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ስለዚህ ሰው ትንሽ ልበል። የአደይ ባል ስኳር በሽታ ስለነበረበት ከሕምባሻው የሚፈቀድለት ዘቢብ ያልደረሰበት ዳር ብቻ ነበር። እሷ ፊቷን ባዞረች ቁጥር እኛ ልጆች ከድርሻችን ዘቢብ እየፈለቀቅን በጠረጴዛው ሥር እናቀብለዋለን። እሱም አንዷን ብቻ ይወስድና ሌላውን በዝምታ ወደ መዳፋችን ይመልሳል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ያልተነቃብን ይመስለን ነበር። አደይ ግን በየዓመቱ የእሱን ድርሻ በጣም ቀጭን አድርጋ ትቆርሰው የነበረው ስለዚያች አንዲት ዘቢብ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

እንግዲህ ልጆች መሆናችን ያመጣውን ነገር ልንገራችሁ። የእናቴ ድፎ መጀመሪያ ጣፋጭ አልነበረም። የመንዝ ድፎ ጨውና አዝሙድ ያውቃል እንጂ ማር አያውቅም። እኛ ደግሞ ልጆች ነን፤ ሁለቱ ዳቦዎች ሲቀርቡ ሩጫችን ወደ ዘቢቡ ነው። የእናቴ ድፎ፣ ያ ሌሊቱን በጨርቅ ተጠቅልሎ ያደረ ባለ ግርማ ዳቦ፣ ለትልልቅ ሰዎች ይቀራል። እናቴ ምንም አላለችም። በ1989 ዓ.ም. ፋሲካ ግን ድፎው ሲቆረስ ሌላ ሽታ ወጣ። ማር በለብታ ውሃ በጥብጣ ሊጡ ውስጥ ጨምራ ኖሯል። አደይ ቁራሿን አሽታ፣ ቀምሳ፣ እናቴን በዐይኗ ፈለገቻት። እናቴ ወጥ በማማሰል ሥራ ላይ ናት። “ሓፍተይ፣ መንዝም ማር ገባ እንዴ?” አለቻት። እናቴ ሳትዞር “ድሮም ነበረ” አለች። አልነበረም። ቤቱ ሁሉ አልነበረም ብሎ ያውቃል። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን የእኛ ቤት ድፎ የማር ድፎ ነው። ዛሬ የእኔ ጓደኞች “የእናትሽ ባህላዊ ድፎ” ብለው ሲያሞግሱት ባህሉ የተጀመረው በሁለት ሴቶች ፉክክር መሆኑን አልነግራቸውም።

* * *

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። በሰኔ 2013 ማብቂያ ከመቀሌ ጋር ስልክ እንደገና ሲቋረጥ፣ ባንክ ሲዘጋ፣ መንገድ ሲታጠር፣ አደይና ባለቤቷ ከእኛ ዓለም ወጡ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል። ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላውን ሳያወልቅ፣ የእኅቱን ቁጥር ይደውላል። የተቀዳችው ሴት ደንበኛው ሊገኙ እንደማይችሉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ትነግረዋለች። እሱ እስከ መጨረሻው ያዳምጣታል። ከዚያ ስልኩን መሶቡ አጠገብ ያስቀምጣል። ይህን ያህል ነበር የሚያደርገው። ስለ ጦርነቱ አይናገርም፤ ዜና ሲጀምር ይነሣል።

እናቴስ? በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። ሸዋ ሮቢት የሚኖረው የእናቴ ወንድም ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ፣ የቻለውን ተሸክሞ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። ሲመለስ ቤቱ በሩ ተገንጥሎ፣ ጎተራው ተጠርጎ ጠበቀው። በእነዚያ ወራት አንዳንድ ዘመዶች ለለቅሶ መጥተው፣ ለጥየቃ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እናቴን የሚሏትን ነገር ሰምቻለሁ። አባቴ ጓዳ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማም አውቃለሁ። እናቴ ቡና ትቀዳለች። “ጠጡ እንጂ፣ ቀዘቀዘ” ትላለች። ሌላ መልስ አልነበራትም።

ይህ ሁሉ ባለበት የ2014 ፋሲካ መጣ፤ ሚያዝያ 16 ቀን ነበር። በዚያን ጊዜ ከድሮው ቤታችን ወጥተን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ማድ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያቆምም። ድፎው በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በአክንባሎ ተከድኖ ነው የሚበስለው። ቀዳም ሥዑር ማምሻውን ድፎው ከተደፋ በኋላ እኔ የተረፈውን ዱቄት ላነሣ ስል እናቴ “ተይው” አለችኝ። ቄጤማው ግንባሯ ላይ ጠውልጓል። ሌላ ቡሃቃ አወረደች። ዱቄት ለካች፤ ስኳር ጨመረች። ዘቢቡን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ በላስቲክ ተቋጥሮ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ። ያኔ ነው የገባኝ። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እጇን ሰዳበት የማታውቀውን ሊጥ ልታሽ ነው።

“ታውቂበታለሽ?” አልኳት።

“ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ” አለችኝ።

ማየትና መሥራት ግን ለየቅል ናቸው። ደውላ የምትጠይቀው ሰው የለም። ሄል የሚቀመጥባት ትንሽ ቆርቆሮ አደይ በየዓመቱ ከመቀሌ ይዛት የምትመጣው ነበረች፤ ስትከፈት የቀረባት ሽታ ብቻ ነው። ሱቁ ተዘግቷል፤ ሌሊቱ የትንሣኤ ሌሊት ነው። እናቴ ቆርቆሮዋን ከድና ጥቂት ቆመች። ከዚያ ለድፎው ከወቀጥኩት የተረፈውን ኮረሪማ አነሣችና ጨመረችበት። ከዚያ ክቡን አስተካክላ፣ ቢላ ይዛ፣ ከመሐል ወደ ዳር መስመር ማውጣት ጀመረች። አምስተኛው መስመር ላይ ቆመች። የአደይ መንኮራኩር ስንት ክንድ እንዳለው አላስታወሰችም። እኔም አላስታወስኩም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። “ዐሥራ ሁለት ነው” አለ፤ ወደ መኝታ ቤት ገባ፤ በሩን ዘጋ።

በማግስቱ አጎቴ፣ ያ የሸዋ ሮቢቱ፣ በዓልን ከእኛ ጋር ሊውል መጣ። ከተፈናቀለ ወዲህ የመጀመሪያ መምጣቱ ነው። ድፎው ተባርኮ ተቆረሰ፤ ዶሮው ተበላ። ቡናው ሲቀርብ እናቴ ሕምባሻውን አወጣችው። ጥልፉ የተንጋደደ፣ አንድ ጎኑ ጠቆር ያለ ነው። አጎቴ አየው፤ እናቴን አየ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የእትዬ ዳቦ ነው።”

“እሷ የለችም እኮ።”

“ስለሌለች ነዋ እኔ የጋገርኩት” አለችው።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። በዚያ ዓመት ግን ማንም ከእሱ ደግነት ሊጠይቅ መብት አልነበረውም። ቁራሹን ሲኒው አጠገብ አስቀመጠው። አቦሉ አለፈ፤ አልነካውም። ስለ ዝናብ አወራ፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራ። አባቴ ቁራሹን በመዳፉ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ቶናው ሲቀዳ አጎቴ ዳቦውን አነሣ፤ ግማሹን ገምሶ ቡናው ውስጥ ነከረው፤ በላ። “ኮረሪማ አለበት” አለ ለእናቴ። አባቴም ያን ጊዜ የራሱን መብላት ጀመረ። ከዚህ የዘለለ ነገር አልተባለም። ማንም ማንንም አላቀፈም። በዚያ ዓመት ግን በአንድ ገበታ ዙሪያ የእነዚህ ሁለት ሰዎች በሉ መባል ምን ያህል ከባድ እንደነበር የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

* * *

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። በታኅሣሥ ወር የመቀሌ ስልክ ተከፈተ፤ አውሮፕላንም መብረር ጀመረ። አባቴ እንደ ልማዱ ሲደውል ያቺ የተቀዳች ሴት አልመጣችም፤ ጠራ። አደይ አነሣች። በመጀመሪያ ሁለቱም ይጮኹ ነበር፤ እንደ ድሮው የሩቅ ስልክ። ቆይቶ የአባቴ ድምፅ ጠፋ። የአደይ ባል በ2014 ክረምት ላይ አርፏል። መድኃኒቱ አልተገኘም ነበር። እኛ ግማሽ ዓመት ሙሉ በጸሎታችን ላይ በሕይወት ካሉት ጋር ስንጠራው ኖረናል። የመርዶው ለቅሶ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ድንኳን ተተክሎ ተለቀሰ። አጎቴ ከሸዋ ሮቢት መጥቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት ፋሲካ፣ ሚያዝያ 8 ቀን፣ አደይ ጥቁር እንደለበሰች መጣች። አንድ የልብስ ሻንጣ ብቻ ነው የያዘችው። ከስታለች። ሐዘንተኛ በዓል አያደምቅምና ቀዳም ሥዑር ላይ ማድ ቤቱ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ዱቄት አልጠየቀችም፤ እኛም አላቀረብንላትም። እናቴ ድፎዋን ደፋች። ቀጥሎ ያለ አንዳች ማብራሪያ ሁለተኛውን ቡሃቃ አወረደች። አደይ ቀና አለች። ሠላሳ ዓመት የኖረው ሕግ ዐይኗ እያየ ሲፈርስ ምንም አላለችም። ሊጡ ሲታሽ አየች፤ ክቡ ሲዘረጋ አየች። እናቴ ቢላውን ይዛ ሦስተኛውን መስመር ስታወጣ ግን አደይ ከዱካዋ ተነሣች። “ሓፍተይ፣ ከመሐል ነው የሚጀመረው፤ ከዳር አይደለም” አለች። ቢላውን አልወሰደችም። የእናቴን እጅ ከነቢላው ያዘችና ሁለቱ አንድ መስመር አወጡ። ቀጥሎ ሌላ። ማድ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያቆምም ብያለሁ፤ ስለዚህ አንዷ ከሌላዋ ጀርባ ቆማ ነበር።

ለቡና ስንቀመጥ አደይ ቀመሰችው። “ኮረሪማ ነው ይሄ?” አለች።

“አምና ሄል ቸገረኝ” አለች እናቴ። “ዘንድሮ እኔ እንጃ፣ እንዳምናው ይሁን ብዬ ነው።”

“አምናም ጋግረሽ ነበር?”

እናቴ ዝም አለች፤ አባቴ መለሰላት። ያን ጊዜ አደይ የራሷን የ2014 ፋሲካ ነገረችን። ዱቄቱ የቀረው ትንሽ ነበር፤ ስኳርና ዘቢብ የሚታሰብ አልነበረም። ስስ ቂጣ ጋገረች። ነገር ግን ምጣዱ ላይ ከማውጣቷ በፊት ሹካ አንሥታ ዐሥራ ሁለቱን መስመር አወጣችበት። ባለቤቷ አይቶት “በይ እንግዲህ፣ ዛሬ ዘቢብ አትደብቂብኝም” አላት። ይህን ስትናገር ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ ኩታዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

* * *

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ድፎ በትእዛዝ ይገዛል። የበዓሉ ዋዜማ ላይ በካርቶን ታሽጎ፣ ቅጠሉ ሳይቀር ተጠቅልሎ ይመጣል። አልቃወምም። የሥራ ሰው ነን፤ ምጣድም ማድ ቤትም የሌለው ብዙ ነው። ጣዕሙም ብዙ ጊዜ ከቤቱ አይከፋም። ከሚገዛው ዳቦ የሚጎድለው አዝሙድ አይደለም። የሚጎድለው አጠገብ የሚቆመው ሰው ነው፤ የሚፎካከርህ፣ በዐይኑ የሚሰርቅህ፣ ሳትኖር ቦታህን የሚጠብቅልህ።

“የጥንቱን ይዘን እንቆይ” ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ጥሩ ነው። የትኛውን ጥንት? የእኛ ቤት ድፎ ማር የገባበት አንዲት እናት በሕምባሻ ስለቀናች ነው። የእኛ ቤት ሕምባሻ ኮረሪማ የገባበት አንዲት ቆርቆሮ በጦርነት ምክንያት ባዶ ስለሆነች ነው። ሁለቱም ዳቦዎች ዛሬ መንዝ ብትወስዷቸው የመንዝ አይደሉም፤ አድዋ ብትወስዷቸው የአድዋ አይደሉም። እነዚያ ሁለት ሴቶች ባይተያዩ ኖሮ ሁለቱም “ንጹሕ” ሆነው ይቆዩ ነበር። ገበታው ላይም ለየብቻ ይቀመጡ ነበር።

የእናቴ እጅ አሁን ደክሟል። ሊጡን የማሸው እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ጥልፉን ይሞክራል። እኔ ሙያዬ መጻፍ ነውና መጠኑን እንድጽፈው ለዓመታት ደብተር ይዤ ተከትያታለሁ። ስንት ሲኒ? ስንት ማንኪያ? “እስኪበቃው” ትለኛለች። ማሩስ? “እስኪሸት።” ምን ያህል ልሽ? “የጆሮሽን ጫፍ ያዥ፤ ሊጡ እንደዚያ ሲልልሽ ተይው።” ብታገልም ደብተሩ ላይ ቁጥር አልሰፈረም። “ዳቦ በጽሑፍ አይደፋም” ብላ ትዘጋኛለች።

በ2017 ፋሲካ አደይ ጉልበቷን አሟት መምጣት አልቻለችም። ቀዳም ሥዑር ረፋድ ላይ ከመቀሌ ደወለች። የአባቴን ሰላምታ በአጭሩ ቆርጣ እናቴን አስጠራቻት። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

“ያንቺን ኮረሪማ ልጨምርበት ነው” አለች። “ስንት ፍሬ ነው?”

እናቴ “እስኪሸት” ለማለት አፏን ከፈተች፤ ተመልሳ ዘጋችው። “እትዬ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፤ መልሼ እደውልልዎታለሁ” አለች። መነጽሯን አስመጣች። ኮረሪማውን ከዕቃው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና ለአንድ ሕምባሻ የሚሆነውን በእጇ እየመዘነች ለየች። አንዱን መለሰች፤ ሌላ አነሣች። ከዚያ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ዳቦ ስትደፋ ስትቆጥር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

መልሳ ደወለች። “እትዬ፣ አምስት ነው” አለች። “ትልልቅ ከሆነ ግን አራት ይበቃዎታል።”